ሌባው ለምን ዛሬ ታሰረ? የፀረ-ሙስና ዘመቻና የሥልጣን ፖለቲካ



አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ ታሰረ የሚል ዜና ከአገር ቤት በተሰማ ቁጥር በውጭ በምንኖረው ዘንድ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይነሳል። አንደኛው «እሰይ! ይበለው! የድሃ ገንዘብ በልቶ የት ሊደርስ!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ የፖለቲካ በቀል ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ሰውዬው ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ለፍርድ ቤት ተገቢ ነው። ፖለቲካውን ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል። ሌባው ትናንት ሳይታሰር ለምን ዛሬ ታሰረ? አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ ይበላ የነበረውስ ለምን አልታሰረም?

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ እንጂ የሕግም ሆነ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር አይደለሁም። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የኤሌክትሪክ ኃይል መስመሮችን ከአደጋ በሚጠብቁ መሣሪያዎች ዙሪያ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ቀላል የሆነ፣ ነገር ግን ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። ብሬከር የምንለው መሣሪያ በመስመሩ ላይ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲያልፍ ማንንም ሳይጠይቅ ይቆርጣል። መስመሩ ወደ ቤተ መንግሥት ይሂድ ወደ ወፍጮ ቤት ለመሣሪያው ለውጥ የለውም። ማብሪያና ማጥፊያ ግን የሚቆርጠው ሰው ሲጫነው ብቻ ነው። ሁለቱም ሲቆርጡ መብራቱ ይጠፋል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። አንደኛው ቤቱን ከቃጠሎ የሚጠብቅ ሲሆን ሁለተኛው የባለቤቱን ፈቃድ የሚፈጽም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። በአምባገነን ሥርዓት ውስጥ የፀረ-ሙስና ዘመቻ እንደ ብሬከር ተደርጎ ይቀርብልናል፤ የሚሠራው ግን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ነው።

1. ሙስና እንደ መያዣ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሹመኞችን ስግብግብነት ለማሳየት ነው። በተረቱ ውስጥ ግን ሳይጠቀስ የታለፈ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሿሚውና ሻሪው ነው። ይህ ሰው ሹመኛው ሲበላ ያያል፤ አይቶም ዝም ይላል። ለምን ዝም ይላል?

ባንክ ገንዘብ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል። ተበዳሪው ካልከፈለ ቤቱ ይሸጣል። በምርጫ የማይወርድ ገዥም ለሹመኛው ሥልጣን ሲያውስ እንዲሁ መያዣ ይፈልጋል። ብድሩ የሚከፈለው በታማኝነት ነው። መያዣው ደግሞ ሹመኛው ራሱ በየዕለቱ የሚያከማቸው ጥፋት ነው፤ በዘመድ ስም የተወሰደ መሬት፣ ያለ ጨረታ የተሰጠ ሥራ፣ በትዕዛዝ የተለቀቀ የባንክ ብድር። ይህ ሁሉ ተመዝግቦ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሹመኛው ታማኝ እስከሆነ ድረስ መሳቢያው አይከፈትም። «በዚህ ጉዳይ አልስማማም» ያለ ዕለት ግን ባንኩ መያዣውን ለሐራጅ ያወጣል። ያንን ሐራጅ ነው እኛ የፀረ-ሙስና ዘመቻ እያልን የምንጠራው።

ከዚህ የሚከተለው አሳዛኝ ነገር እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ እንደ አደጋ የሚታየው ንጹሑ ሰው መሆኑ ነው። ንጹሕ ሹመኛ መያዣ ሳያስይዝ የተበደረ ሰው ነው። ነገ ተነስቶ ቢቃወም ምን ይያዝበታል? ስለዚህ ንጹሑ ሰው ወይ ቁልፍ ቦታ አይሰጠውም፣ ወይም ሳይወድ በግድ እንዲቆሽሽ ይደረጋል።

እንዴት እንደሚቆሽሽ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ውጭ ከመውጣቴ በፊት ጥቂት ዓመታት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ለአንድ ፕሮጀክት የሚያስፈልግ ዕቃ በሕጉ መሠረት በግልጽ ጨረታ መገዛት ነበረበት፤ ጨረታው ደግሞ ወራት ይፈጃል። የምረቃው ቀን ግን ከላይ ተቆርጧል። ከበላይ በስልክ ትዕዛዝ መጣ፤ ግዢው ተከፋፍሎ በፕሮፎርማ እንዲፈጸም። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዕቃው ተገዛ፣ ምረቃው በቀኑ ተካሄደ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። የክፍል ኃላፊያችን ከዚያ ግዢ አንዲት ብር ወደ ኪሱ አላስገባም። በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእርሱ ነው፤ የስልኩ ትዕዛዝ ደግሞ ወረቀት የለውም። ሁለት ዓመት አለፈ። በአንድ ግምገማ ላይ ይኸው ሰው ከግዢ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው የቅጥር ጉዳይ አለቆቹን ተቃወመ። በሳምንቱ ያ የፕሮፎርማ ፋይል ከመሳቢያ ወጣ።

ይህ በትንሽ መሥሪያ ቤት የሆነ ነው። ከዚህ የምንረዳው ግን ትልቅ ነገር ነው። ደመወዙ ቤተሰብ የማያኖር፣ መመሪያው ሥራ የማያሠራ፣ ትዕዛዙ ደግሞ በቃል የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌባውም ደጉም እኩል ፋይል ይኖራቸዋል። ሁሉም ጥፋተኛ በሆነበት ቦታ ማን ይከሰስ የሚለውን የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን ከሳሹ ነው።

2. የእኛው አገር ታሪክ ምን ይላል?

ከዚህ በላይ ያልኩት በባዶ ሜዳ የተፈጠረ ንድፈ ሐሳብ እንዳይመስል ወደ ታሪካችን እንመለስ። በኢሕአዴግ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የታዩትን ትላልቅ የሙስና እስሮች በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጠን ከጎናቸው በገዥው ፓርቲ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ እንጻፍ።

በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከዚያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነስተው ታሰሩ። በሙስና 18 ዓመት ተፈርዶባቸው ለ12 ዓመታት ያህል ታስረው በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ።

የ1993ቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ ነው። ያኔ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተማሪ ስለነበርኩ የየዕለቱን ወሬ በደንብ አስታውሰዋለሁ። በመጋቢት 1993 የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ተሰነጠቀ። የጠቡ መነሻ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት አያያዝ፣ የአልጀርሱ ስምምነት እና አቶ መለስ ዜናዊ ስለ «ቦናፓርቲዝም» ያቀረቡት ጽሑፍ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1993፣ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ-ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ። ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ወዲያው ከተቃዋሚው ቡድን መሪዎች አንዱ የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ከወንድሞቻቸው ጋር በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አባተ ኪሾም ተከተሉ።

አቶ ስዬ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሕጉን ተመልክተው በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ። ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ሳይርቁ በፖሊስ ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት የለውም የሚል ነው። አንድ ዳኛ «ይፈታ» ስላለች የአገር ሕግ ተለወጠ! አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ዓ.ም. ወጡ። እስከዚያው በአዋጅ ቁጥር 434/1997 የዋስትናው ክልከላ ለዘብ ብሎ፣ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ለተከሰሱት ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ሕጉ የታለመለትን ሥራ ከሠራ በኋላ ለዘበ ማለት ነው።

ልብ በሉልኝ፤ አቶ ስዬ ንጹሕ ናቸው ወይም አይደሉም እያልኩ አይደለም። የተከሰሱባቸው ድርጊቶች ተፈጸሙ የተባሉት ከመሰንጠቁ በፊት፣ እርሳቸው በድርጅቱ ውስጥ ኃያል በነበሩበት ጊዜ መሆኑን ብቻ ነው የማመለክተው። ድርጊቱ ተፈጽሞ ከሆነ ያኔም ወንጀል ነበር። ከመጋቢት በፊትና ከመጋቢት በኋላ የተለወጠው ድርጊቱ አይደለም፤ የሰውዬው ቦታ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የ2005ቱ ነው። አቶ መለስ በነሐሴ 2004 አረፉ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 2005፣ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ፣ ምክትላቸው አቶ ገብረዋሕድ ወልደጊዮርጊስና በርካታ ነጋዴዎች ታሰሩ። ያ መሥሪያ ቤት ትናንት ነጋዴውን በግብር ስም ሲያንቀጠቅጥ የነበረ ነው። ጉዳዩ አምስት ዓመት በፍርድ ቤት ተጓተተ። በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት አመራር ሲለወጥ ክሱ ተቋረጠና ተፈቱ። ክሱ እውነት ከነበረ ለምን ተቋረጠ? ሐሰት ከነበረ አምስት ዓመት ለምን ታሰሩ? ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሰጠ አካል የለም፤ ምክንያቱም የታሰሩትም የተፈቱትም በአንድ ዓይነት ውሳኔ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሕዝባዊው ተቃውሞ አገሪቱን አናወጠ። የሕዝቡ ጥያቄ የመሬትና የሥልጣን ጥያቄ ነበር። የኢሕአዴግ መልስ ግን «ጥልቅ ተሐድሶ» ሆነ፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የገንዘብና ኢኮኖሚ ትብብር ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩትን አቶ ዓለማየሁ ጉጆን ጨምሮ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ሥርዓቱ ሲጠየቅ ግለሰቦች ለመሥዋዕት ቀረቡ።

ኅዳር 2011 ደግሞ የሜቴክ ተራ ሆነ። እንደ መሐንዲስ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የምናደደው እኔ ነኝ። በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል የተቋቋመ፣ በወታደሮች የሚመራ ድርጅት ስኳር ፋብሪካም፣ የማዳበሪያ ፋብሪካም፣ የህዳሴውን ግድብ የኤሌክትሮ-ሜካኒካል ሥራም ያለ ልምድ ተረከበ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ጨረታ ተፈጸመ ያሉት የውጭ ግዢ 37 ቢሊዮን ብር ነው። ዋና ዳይሬክተሩ የነበሩት ሜጀር ጀኔራል ክንፈ ዳኘው በሁመራ አካባቢ ተይዘው እጃቸው በካቴና ታስሮ ሲመጡ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ፍርድ ቤት አንድ ምስክር ሳይሰማ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ ተላለፈ። የስኳር ፋብሪካዎቹ መዘግየት ግን ለዓመታት በፓርላማ የተነሳ ጉዳይ ነበር። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሒሳብ ጉድለት ለምክር ቤቱ ያነብ ነበር። መለኪያው ያነብ ነበር ማለት ነው፤ የሚቆርጥ ግን አልነበረም። የቆረጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተለወጡ በሰባተኛው ወር ነው።

በመጨረሻም በኅዳር 2015 ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ-ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከአባላቱ መካከል የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ነበሩበት። ከ1993 ጀምሮ ኮሚሽን እያለ ኮሚቴ ለምን አስፈለገ? መልሱ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ጥርሱ የወለቀ መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 943/2008 የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ተወስዶ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና ለፖሊስ ተሰጥቷል። ማጥፊያውን የያዘው እጅ ተለዋወጠ እንጂ ብሬከር አልተተከለም።

3. የቻይናና የሳዑዲ ዓረቢያ ተሞክሮ

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ባህላችንን እንወቅስ ነበር። ነገር ግን ከእኛ ጋር በባህልም በሀብትም የማይገናኙ አገሮች ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል።

ሺ ጂንፒንግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የኮሚኒስት ፓርቲውን መሪነት ሲይዙ «ነብሮችንም ዝንቦችንም» እንመታለን አሉ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የፓርቲ አባላት ተቀጡ። የጸጥታው መሥሪያ ቤት ጌታ የነበሩት ዡ ዮንግካንግ በ2015፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የቅርብ ረዳት የነበሩት ሊንግ ጂሁዋ በ2016፣ ለከፍተኛ ሥልጣን ይታጩ የነበሩት ሱን ዠንግሳይ ደግሞ በ2018 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። እነዚህ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም የሚል ማስረጃ የለኝም፤ ምናልባትም የለየላቸው ሌቦች ነበሩ። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አስተውሉ።

አንደኛ፣ በመጋቢት 2018 የቻይና ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ያው አንድ ማሻሻያ ሁለት ነገር አደረገ፤ አዲስ ኃያል የቁጥጥር ኮሚሽን አቋቋመ፣ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብም አነሳ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ የድምፅ አሰጣጥ ጸደቁ። ሁለተኛ፣ ዘመቻው በተጧጧፈበት በ2014 መጀመሪያ ላይ ሹ ዢዮንግ የተባለው የሕግ ምሁር አራት ዓመት ተፈረደበት። እርሱና ጓደኞቹ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ባለሥልጣናት ሀብታቸውን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚል ነበር። ሙስናን ከምር ለሚዋጋ መንግሥት ከዚህ ሰው የተሻለ አጋር ከወዴት ይገኛል? ሥርዓቱ የሚፈራው ግን መሳቢያውን ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ነው።

የሳዑዲው ደግሞ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2017 ንጉሡ በአልጋ ወራሹ በመሐመድ ቢን ሳልማን የሚመራ የፀረ-ሙስና ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚያው ሌሊት መሳፍንት፣ ሚኒስትሮችና ቱጃሮች ታድነው ሪያድ በሚገኘው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ታጎሩ። በዚያው ዕለት የብሔራዊ ዘቡ አዛዥ ልዑል ሚቴብ ቢን አብደላ ከሥልጣን ተነሱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርና አልጋ ወራሽ የነበሩት መሐመድ ቢን ናይፍ ደግሞ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተነስተው ነበር። መከላከያው ቀድሞውንም በአልጋ ወራሹ እጅ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ጠመንጃ የያዙት ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰው ቁጥጥር ሥር ዋሉ። ከ400 ቢሊዮን ሪያል በላይ በ«ስምምነት» ተመለሰ ተባለ፤ ማን ምን እንደሰረቀ፣ ማን ስንት እንደመለሰ ግን በግልጽ ችሎት አልታየም። ከታሰሩት መካከል በአገራችን ሰፊ ኢንቨስትመንት ያላቸው ሼኽ መሐመድ አል-አሙዲ ይገኙበታል፤ ከ14 ወር ገደማ በኋላ በጥር 2019 ተፈቱ። እኛ ዘንድ ወዳጃቸው አዘነ፣ ጠላታቸው ተደሰተ። ክሱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

4. «ቢያንስ አንድ ሌባ ታሰረ» ለሚሉ

እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። «ምክንያቱ ፖለቲካ ቢሆንስ? ከማንም የማይታሰር አንድ ሌባ ቢታሰር ይሻላል» የሚል ነው። የሕዝቡን ምሬት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ለኮንዶሚኒየም ቤት ዓመታት እየቆጠበ የሚጠብቅ ሰው፣ አንድ ባለ ሕንፃ ባለሥልጣን ሲታሰር ቢያጨበጭብ ልንወቅሰው አይገባም።

ሆኖም ዘመቻው ለቀሩት ሹመኞች የሚያስተምረውን እንመርምር። የታሰረው ከሰረቁት መካከል የተጣላው ብቻ ከሆነ፣ ትምህርቱ «አትስረቅ» አይሆንም፤ «አትጣላ» ነው። ብልህ ሹመኛ ከዚህ የሚማረው ታማኝነቱን ይበልጥ ማሳየት፣ የሰረቀውን ደግሞ ቶሎ ከአገር ማሸሽ ነው። ንጹሑ ባለሙያ በበኩሉ መፈረም ያቆማል። ከእያንዳንዱ የእስር ማዕበል በኋላ የክፍያ ሰነድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት፣ ፊርማ የሚያኖር ሲጠፋ፣ ኮንትራክተር ሥራ አቁሞ ሲጠብቅ በመንግሥት ፕሮጀክት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ማለት ሌባው ይጠነቀቃል እንጂ አይቀንስም፤ ደጉ ሰው ግን ሥራ ያቆማል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ስለ ሙስና ያላቸውን ግምት ሰብስቦ ለየአገሩ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያገኘችው 33 ነበር፤ በ2024 ደግሞ 37። ቻይና በ2012 39 ነበራት፤ በ2024 43። በመካከሉ እኛ ዘንድ የገቢዎች፣ የሜቴክና የብሔራዊ ኮሚቴ ዘመቻዎች አለፉ፤ እዚያ ከሚሊዮን በላይ ሰው ተቀጣ። ለዚህ ሁሉ ግርግር ሁለቱም ያገኙት አራት ነጥብ ነው።

«ሲንጋፖርስ? እርሷም እኮ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ነበረች፤ መርማሪው ቢሮም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው የሚጠራው» የሚል አንባቢም አይጠፋም። ትክክል ነው። ነገር ግን ሲንጋፖር ለአዋቂዎች ደመወዝ ጨመረች፣ አሠራሩን አቀለለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርመራ ቢከለክል እንኳ የቢሮው ዳይሬክተር በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ መቀጠል እንዲችል አደረገች። ይህ በእኔ ቋንቋ ከማጥፊያው ጎን ብሬከር መትከል ነው። በ2023 በሥልጣን ላይ የነበሩት ሚኒስትር ኢስዋራን ከገዥው ፓርቲ ጋር ሳይጣሉ ተያዙ፤ በ2024 በፍርድ ቤት 12 ወር ተፈረደባቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለመታሰር መጣላት አላስፈለጋቸውም።

5. አራት ጥያቄዎች

ወደፊት «በሙስና ታሰረ» የሚል ዜና ስንሰማ ከማጨብጨባችንም ከማውገዛችንም በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ ፋይሉ የተከፈተው ድርጊቱ ሲፈጸም ነው ወይስ ሰውዬው ከጌታው ሲጣላ? የድርጊቱን ቀንና የእስሩን ቀን ጎን ለጎን እንጻፍ። በመካከላቸው ዓመታት ካሉ፣ በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው ምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ከሳሹ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ከሳሹን የሚሾመውም የሚሽረውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰውና ወዳጆቹ መቼም አይከሰሱም።

ሦስተኛ፣ ዳኛው «ይፈታ» ቢል ይፈታል? ወይስ ፖሊስ በር ላይ ጠብቆ ይይዘዋል፣ ፓርላማውም ሕግ ይለውጣል? ወይዘሪት ብርቱካን በ1993 የሰጡት ውሳኔ ለዚህ ጥያቄ መለኪያ ሆኖ ይኖራል።

አራተኛ፣ መንግሥት የሚጠይቀውን ጥያቄ ተራ ዜጋና ጋዜጠኛ መጠየቅ ይችላል? ባለሥልጣናት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ወጥቷል። ምዝገባው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ በአደባባይ ካልወጣ የሚያገለግለው መዝጋቢውን ብቻ ነው። ለሕዝብ ያልተከፈተ የሀብት መዝገብ ምንድን ነው? በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ መያዣ ነው።

6. ለእኛ ምን ይላል?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ከባድ የሚሆነው የታሰረው ሰው የምንጠላው ሲሆን ነው። በውጭ የምንኖር ምሁራን ብዙ ጊዜ ሚዛናችንን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። በ1993፣ በ2005፣ በ2011 የታሰሩትን ዝርዝር እያየን መጀመሪያ የምንመለከተው የሰውዬውን ስም፣ ከስሙም ወገኑን ነው። ወገናችን ከሆነ የፖለቲካ እስረኛ ይሆናል፤ ወገናችን ካልሆነ ሌባ። አንድ ሰው ሌባም፣ በፖለቲካ ምክንያት የታሰረም ሊሆን እንደሚችል ለመቀበል ያስቸግረናል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ይኸው ነው። ሌባ ነው፤ የታሰረው ግን በሌብነቱ አይደለም።

ይህንን መለየት ካልቻልን ዋጋ እንከፍላለን። ለጠላታችን ዋስትና ሲከለከል ያጨበጨብንለት ሕግ በቦታው ይቆያል፤ ነገ የሚያዝበትን ሰው አይመርጥም። ሜቴክን ያለ ጨረታ እንዲገዛ ያስቻለው አሠራር ሹማምንቱ በመታሰራቸው ብቻ አልፈረሰም። የህዳሴው ግድብ ቦንድ ገዝተን፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ልከን፣ ለየመዋጮው እጃችንን የዘረጋን እኛ የአገሩ ሕዝብ አካል ነን። ያ ገንዘብ የት ገባ ብለን የመጠየቅ መብት አለን። የምንጠይቀው ግን አንድ ሰው ታስሮ እንዲታይልን መሆን የለበትም። የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ተከታይ እርምጃ እንዲኖረው፣ የግዢ ውሎች በይፋ እንዲታተሙ፣ ዳኛው «አይሆንም» ብሎ በወንበሩ ላይ እንዲያድር እንጠይቅ። እነዚህ በቴሌቪዥን አያምሩም፤ ካቴናም ሄሊኮፕተርም የላቸውም። ቤቱን ከቃጠሎ የሚያድኑት ግን እነርሱ ናቸው።

«ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው» ይላሉ አበው። የፀረ-ሙስና ዘመቻ ምንጊዜም ጅራቱን ሲቆርጥ እናያለን። ቢላዋውን የያዘው ራሱ ጭንቅላቱ ስለሆነ ነው።

ቸር ይግጠመን።